ርስት የማይካፈል ዘመድ

አርብ ገበያ ስሟን ከገበያዋ የወሰደች የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አርብ ሲመጣ ከደጋው ድንችና ገብስ፣ ከቆላው ማሽላና ጤፍ የጫነ አህያ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ገበያ የወጣ ሰው ታዲያ ዕቃ ብቻ አይፈልግም፤ ሰውም ይፈልጋል። ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከእህል ተራ ወደ ከብት ተራ ዓይኑን የሚያንከራትት ጎልማሳ የፈለገውን ሲያገኝ ዱላውን ያወርዳል፤ ከወገቡም ጎንበስ ይላል።

«አበልጄ! እንደምን ሰነበቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን ሰነበቱ አበልጄ? ቤት ደህና? ከብቱ ደህና? ልጁስ?»

«ልጁማ አድጎ ከብት ይዟል። እርስዎን ነው የሚጠይቅ።»

እንዲህ የሚጠራሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ እኩዮች ናቸው። አንድ ወንዝ የዋኙ፣ አንድ መስክ ላይ ከብት ያገዱ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስም «አንተ» ሲባባሉ የኖሩ ይሆናሉ። አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ካነሳ በኋላ ግን ንግግሩ ይለወጣል። አንተታው ወደ አንቱታ ይዞራል፤ ቀልዱ ልክ ያገኛል፤ ስም መጥራት ይቀርና «አበልጄ» ይተካል። ደግሞ ሁለቱም የሚጠራሩት በዚያው በአንድ ቃል ነው። አብዛኛው የዝምድና ቃላችን ደረጃ አለው። አጎት የእህቱን ልጅ መልሶ አጎቴ አይለውም፤ ታናሽ ታላቁን «ጋሼ» ቢል ታላቁ «ጋሼ» ብሎ አይመልስለትም። አበልጅ ላይ ሲደርስ ደረጃው ይጠፋል። ባለ ብዙ ጥንድ በሬውም፣ አንድ በሬ አጥቶ ከጎረቤት የሚያቀናጀውም እርስ በርስ አበልጄ ናቸው። ሴቶችም እንደዚያው፤ ሴት ልጇን ክርስትና ያነሳችላትን ሴት እናቲቱ አበልጄ ትላታለች።

ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ዝምድና ነው። የሚያጠነጥነውም በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ዙሪያ ነው። ዝምድናው በመላው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ዘንድ ያለ ቢሆንም እዚህ አካባቢ ሲታይ ጥቅሙም ገደቡም ይበልጥ ይጎላል። ምክንያቱን መሬቱ ራሱ ይናገራል።

በስሙ እንጀምር። አበልጅ ሲባል «የልጅ አባት» እንደማለት ነው፤ ግማሹ ግእዝ፣ ግማሹ አማርኛ። ቃሉ ልጁን ይጥራ እንጂ ልጁ ራሱ ማንንም አበልጅ ብሎ አይጠራም። እሱ ያለው የክርስትና አባት ነው፤ ለአባቱም እሱ የክርስትና ልጅ ነው። አበልጅነት በትልልቆቹ መካከል የሚቀር ጉዳይ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የዝምድናው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ምክንያት ሆኖ ሁለት ቤት ይተሳሰራል።

ሥርዓቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ግን ማስታወሱ አይከፋም። ወንድ በተወለደ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ትጠመቃለች። የመጀመሪያው የአራስ ቤት ግርግር፣ ገንፎው፣ የሴቶቹ እልልታና የማርያም ምስጋና ካለፈ በኋላ አባት አንድ ከባድ ውሳኔ ይጠብቀዋል፤ ማን ክርስትና ያንሳልኝ? ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት ነው የሚመረጠው። የተጠየቀ ሰው እንቢ ማለት ይከብደዋል። እንዲያውም በብዙ ቦታ ክርስትና አንሳልኝ ተብሎ እንቢ ያለ ሰው ከበረከት የሸሸ ተደርጎ ይታያል።

በዕለቱ ጎህ ሲቀድ እናት ሕፃኑን አቅፋ ወደ ደብሩ ትሄዳለች። ሕፃን አፍ የለውም፤ ስለዚህ አፍ የሚሆነው የክርስትና አባቱ ነው። ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ደግሞ ሃይማኖቱን ይመሰክራል። ይህን ሁሉ የሚለው በሕፃኑ ፈንታ ነው። ከዚያ ጥምቀቱ፣ ሜሮኑ፣ አንገት ላይ የሚታሰረው ማተብ፣ በመጨረሻም ቁርባኑ ይከተላል። ሕፃኑ የክርስትና ስም ይወጣለታል። ይህ ስም በአደባባይ ብዙ አይጠራም፤ ሲሞት በፍትሐቱ፣ ሲታመምም በጸሎቱ ይነሳል እንጂ። የክርስትና አባቱ ግን ሊያውቀው ግድ ነው። እንደ አቅሙ ነጠላ ወይም ልብስ ያመጣል፤ ቤት ሲመለሱ ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተደፍቶ ይጠብቃል። ሲበላና ሲጠጣ የሕፃኑ አባትና ክርስትና አንሺው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከዚያች ማዕድ በኋላ አንዱ ለሌላው ባዕድ አይደለም።

ርስትና ዘመድ

ይህ ዝምድና ለምን እንዲህ እንደተከበረ ለመረዳት የሥጋ ዘመድ በዚህ አገር ምን ማለት እንደነበረ ማየት ያስፈልጋል። መልሱ በአንድ ቃል ርስት ነው።

በበጌምድርና በጎጃም የርስት ሥርዓት መሬት ከአንድ አቅኚ አባት ይጀምራል። ከዚያ አቅኚ በአባትም ሆነ በእናት በኩል እወለዳለሁ የሚል ሁሉ ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል። አንድ ገበሬ በአባቱ አባት በኩል ያለውን፣ በእናቱ እናት በኩል ያለውን፣ ሚስቱም በበኩሏ ያላትን እየቆጠረ ሙግት ይገጥማል። አላን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ከአባይ ማዶ በደጋ ዳሞት ገበሬ መካከል ኖሮ ይህንን አሠራር አጥንቷል፤ መጽሐፉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ታተመ። በጥናቱ ጎልቶ ከሚታየው ነገር አንዱ ለመሬት የሚሟገተው ሰው ባላጋራ ብዙ ጊዜ ዘመዱ መሆኑ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ መሬት ላይ መብት ሊኖረው የሚችለው ዘር የሚጋራ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የሥጋ ዘመድ ማለት የሚያስታምምህ፣ የሚቀብርህ፣ ደምህን የሚመልስልህም ነው፤ ያው ሰው ግን ነገ ዳኛ ፊት ቆሞ «ይህ የእኔም አያት መሬት ነው» ይልሃል።

አባትና እናት ከየት እንደመጡ እየቆጠሩ ትውልድን የሚያወጡ ሽማግሌዎች በዚያ ዘመን እንደ ሕግ መጽሐፍ የሚፈለጉት ለዚህ ነበር። ያው ቆጠራ ለጋብቻም ይውላል፤ ሰባት ቤት ሳይሞላ አይጋቡም። አንድ ትውልድ መቁጠር የማያውቅ ሰው ርስቱንም ሊያጣ፣ እህቱንም ሊያገባ ይችላል ይባል ነበር። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ሁለቱም እኩል ውርደት ነበሩ።

አበልጅ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ርስት አይካፈልም፤ አይወርስም፤ አይወረስምም። የእሱ ልጅ ከልጅህ ጋር በአያት መሬት አይሟገትም። ዝምድናው ከደም ሳይሆን ከጥምቀት ስለመጣ የሚያጣላ ንብረት አልያዘም። የምትመርጠው ደግሞ አንተ ነህ። ወንድምህን አልመረጥህም፤ አማችህንም ብዙ ጊዜ ወላጆችህ መረጡልህ። አበልጅህን ግን አስበህ፣ አስተያይተህ፣ ከሚስትህም ተመካክረህ አመጣኸው። ምሥጢር የሚቀመጠው፣ ገንዘብ በአደራ የሚሰጠው፣ ለዋስትና የሚጠራው፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚላክበት እሱ መሆኑ ለዚህ ይመስለኛል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የርስት ሙግት በአዋጅ ተቆረጠ። ነገሩ በወረቀት ላይ አበቃ እንጂ በሰው ልብ ቶሎ አላበቃም። እንግዲህ መሬት የሚያካፍለው የገበሬ ማኅበር፣ በኋላም በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በተካሄደው ሽግሽግ የቀበሌው ኮሚቴ ሆነ። በዚያ ሽግሽግ «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባሉ ሰዎች ይዞታቸው ተቀንሷል። ማን ምን ተባለ የሚለው ጥያቄ እንጀራ የሚያስቆርጥ ጉዳይ ነበር። አቅኚ አባት መቁጠር ዋጋ ባጣበት ዘመን ኮሚቴው ውስጥ ማን እንዳለ ማወቅ ዋጋ አገኘ። አበልጅነትም እንደ ሌላው ትስስር ሁሉ አዲሱን ሥልጣን ተከትሎ መሄዱ አይቀርም። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

የደብረ ታቦር አማቾች

ጋብቻም ቢሆን ቤት የሚያስተሳስር ነበር። ግን የዚህ አካባቢ ታሪክ ስለ ጋብቻ የሚነግረን ብዙም የሚያበረታታ አይደለም።

ከጋይንት ወደ ምዕራብ ጉና ተራራን ዞረው ሲሄዱ ደብረ ታቦር ይገኛል፤ የየጁዎቹ ራሶች መቀመጫ። በዚያ የነገሠውን ያህል የገነነው ራስ አሊ አሉላ፣ በቋራ የሸፈተውን ካሣ ኃይሉን ለመያዝ ያገኘው ዘዴ አማች ማድረግ ነበር። እናቱ እቴጌ መነን ነገሩን መክራበት የራስ አሊ ልጅ ተዋበች ለካሣ ተዳረች። ተዋበች ባሏን ወደደች፤ እስክትሞትም ታመነችለት። አማቾቹ ግን አልተስማሙም። በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ካሣ የሚስቱን አባት ድል አደረገ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ጋብቻው የተሳካ፣ አማችነቱ ግን የከሸፈ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሌላው የጋብቻ ታሪክ ያበቃው ከጋይንት ወደ ወሎ በሚወስደው አቅጣጫ፣ አንቺም ላይ ነው። ራስ ጉግሣ ወሌ የንግሥት ዘውዲቱ ባል ነበሩ። እርሷ በ1909 ዓ.ም. ዙፋን ስትወጣ ከባሏ እንድትለያይ ተደረገ፤ ራስ ጉግሣም በበጌምድር ገዥነት ከቤተ መንግሥት ራቁ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ከሚመራው የማዕከላዊ መንግሥት ጦር ጋር አንቺም ላይ ተዋግተው ወደቁ። በዚያ ጦርነት አውሮፕላንም ተካፍሏል። ንግሥቲቱ ያረፈችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የጋይንት ደጋ የሚያስታውሰው ጋብቻ እንዲህ ያለ ነው።

መኳንንቱ ክርስትና ማንሳትንም ለፖለቲካ ይጠቀሙበት ነበር። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ሲጠመቅ ክርስትና ያነሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው፤ ሚካኤልም ተባለ፣ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆነው። ሌላውን የወሎ ኢማም፣ አባ ዋጠውን፣ ደግሞ ክርስትና ያነሣው ምኒልክ ነው፤ ስሙም ኃይለ ማርያም ተባለ። እዚህ ላይ ክርስትናው የገዥና የተገዥ ማሠሪያ ነው፤ የተጠመቀው ትልቅ ሰው ስለሆነም አበልጅ የሚባል የለም፣ አባትና ልጅ ብቻ ነው። ገበሬው ያደረገው ከዚህ የተለየ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን አባትነት ትቶ ወደ ጎን የሚዘረጋውን አጠበቀ።

ልጁ ቢሞትስ?

የዝምድናው ጥንካሬ የሚፈተነው ልጁ ሲሞት ነው። ሥልጣኔ የሚባለው ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ይህ የተለመደ ክስተት ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ ከስድስት አንድ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። የዛሬ አያቶች ልጅ ሲወልዱ የነበረው ቁጥር ከመጀመሪያውም የከፋ እንደነበር መገመት አይከብድም። ሕፃኑ ለሞት ካስፈራ 40ና 80 ሳይጠበቅ የሚጠመቀውም ለዚህ ነው።

ታዲያ በ40 ቀኑ ተጠምቆ በዓመቱ የሞተ ልጅ አበልጆቹን ይዟቸው አይሄድም። አባትና የክርስትና አባት ለቅሶ ላይ አብረው ይቀመጣሉ፤ ከለቅሶው በኋላም አበልጄ ይባባላሉ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ የልጁን መልክ የሚያስታውስ ሰው ሳይኖር እንኳ፣ ቃሉ ይቀጥላል። ሚስት በፍቺ ከሄደች አማችነት ይላላል፤ የጋብቻ ዝምድና የሚቆመው በባልና ሚስቱ ነውና። አበልጅነት ግን የቆመበት ምሰሶ ቢወድቅም ቤቱ አይወድቅም። ስለ ዝምድናው አንድ ነገር ብቻ እንዳስታውስ ብገደድ የምይዘው ይህን ነው፤ ልጁ ምክንያት እንጂ ዓላማ እንዳልነበር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለምና።

ደጋና ቆላ

አሁን ወደ መሬቱ። ነፋስ መውጫ፣ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ነፋሱም ስሟን አያሳፍርም። እዚያ የሚበቅለው ገብስ፣ ስንዴና ድንች ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ ሲወረድ መሬቱ በገደል እየተቆራረጠ በአንድ በኩል ወደ በሽሎ፣ በሌላ በኩል ወደ አባይ ይዘቅጣል። በአንድ ቀን የእግር ጉዞ ከውርጭ ወደ ሐሩር ይገባል። እስቴ ደግሞ በጉና ግርጌ ከደጋ እስከ ወይና ደጋ ተዘርግታለች። እንዲህ ባለ አገር ደጋው ላይ ውርጭ ሲመታ ቆላው ሊያመርት ይችላል፤ ቆላው ዝናብ ሲያጣ ደጋው ይተርፋል።

ስለዚህ ብልህ ገበሬ አበልጅ ሲመርጥ ጎረቤቱን ብቻ አያይም። ጎረቤትማ በወንፈልም፣ በደቦም፣ በሰንበቴና በማኅበርም ይገኛል፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለውም እውነት ነው። ነገር ግን ጎረቤት የሚቸገረው አንተ በተቸገርክ ጊዜ ነው፤ በረዶው ሁለታችሁንም እኩል ይመታል። ቆላ ያለ አበልጅ ሌላ ሰማይ ሥር ነው። ዘር ሲጠፋ ዘር ያበድራል፤ መኖ ሲያልቅ ከብት ያስቀምጣል፤ ገበያ የመጣ ጊዜ ማደሪያ አለው። የበሬህ ጥንድ ሲሞት ያለ ወለድ፣ ያለ ወረቀት የምትሄደው ወደ እሱ ነው። በበዓል ደግሞ መመለስ አለ። ለፋሲካ የሚሄደው ሙክት ወይም ድፎ ዳቦ ስጦታ ይባላል እንጂ ሁለቱም ወገን ማን ለማን ምን እንዳመጣ አይረሳም። ዝምድናው የሚኖረውም በዚህ ባልተጻፈ ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ዝምድናው ይቀዘቅዛልና ሁልጊዜ ትንሽ ዕዳ መተው ያስፈልጋል።

ገደብም አለው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ደጋውም ቆላውም በአንድነት ሲመታ የአበልጅ ቤት የሚሰጠው አልነበረውም። በዚያ ዘመን የአካባቢው ሕዝብ ወደ መጠለያዎች ተሰደደ፤ በሰሜን በኩል ጎረቤት በሆነው እብናት የነበረው ትልቁ መጠለያ በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. በባለሥልጣናት በኃይል ሲበተን ተጠልሎ የነበረው ሕዝብ ተመልሶ መንገድ ላይ ወደቀ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ለምግብ ዋስትና የተዘረጋው ሴፍቲኔት አንድ ወቅት ለአበልጅ ብቻ የተተወውን ሥራ ከፊሉን ወስዷል። ሴፍቲኔት ስሙን በመዝገብ ያገኘውን ሰው ይረዳል፤ አበልጅ ደግሞ መዝገብ የዘለለውን። ሁለቱ አይተካኩም።

የሥልጣን አበልጅ

እስካሁን ያወራሁት የእኩዮችን አበልጅነት ነው። ሌላም ዓይነት አለ፤ ሰው ወደ ላይ አንጋጦ የሚያመጣው። ድሮ ጭቃ ሹም ይጠየቅ ነበር፤ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር፤ ዛሬ ነጋዴ፣ የቀበሌ ሹም፣ ደመወዝተኛ፣ ከውጭ አገር የመጣ ሰው። ተጠያቂው ደስ ይለዋል፤ ክብር ነው፣ እንቢ ቢልም ያስነቅፈዋል። ጠያቂው ደግሞ ልጁን ብቻ አይደለም የሚያስጠምቀው፤ ለራሱም አንድ በር ይከፍታል። የድሃው አንቱታና የሀብታሙ አንቱታ በአንድ «አበልጄ» ሲገናኙ የሚያምር ነገር አለው። የሚያሳስብም አለው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በስፓኒሽ ተናጋሪው ላቲን አሜሪካ የልጁ አባትና ክርስትና አንሺው «ኮምፓድሬ» ይባባላሉ፤ ልክ እንደ እኛው ሁለቱም በአንድ ቃል። ሲድኒ ሚንትዝና ኤሪክ ዎልፍ በአውሮፓውያን 1950 ባወጡት ጥናት ዝምድናው አንዳንዴ እኩዮችን ወደ ጎን፣ አንዳንዴ ደሃና ባለጸጋን ወደ ላይ እንደሚያስተሳስር አሳይተዋል። በግሪክ ተራሮች የሚኖሩ እረኞችም ከብታቸውን ለማሰማራት ፈቃድ ከሚሰጧቸው የመንደር ሹሞች ጋር በክርስትና እንደሚዛመዱ ጆን ካምፕቤል ጽፏል። ጥምቀት የሚያውቅ ገበሬ ባለበት ሁሉ ይህ ዘዴ የተገኘ ይመስላል።

የእኛ ሕግ ግን ስሙን አያውቀውም። አንድ ዳኛ ከተከራካሪ ወገን ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ካለው ከችሎት እንዲነሳ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ይደነግጋል። አበልጅ ግን በስም አልተጠቀሰም፤ የሚያስነሳው «ሌላ በቂ ምክንያት» በሚለው ሰፊ ሐረግ ውስጥ ከተጠጋ ብቻ ነው። ችሎት የሚውል ሰው ሁሉ ግን ያውቃል፤ የአጎት ልጅ በርስት ሊጣላህ ይችላል፣ የልጅህን ክርስትና ያነሳ ሰው ላይ መፍረድ ግን ዳኛን ያስጨንቃል። እንደ እኔ አበልጅን በስም መጥራት የሚገባው ሕግ ካለ ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ሚዛን ላይ ይግባ። ያው ማሠሪያ ደም ሲያደርቅም ይታያል። በዚህ አካባቢ ደም መመላለስ የታወቀ መከራ ነው። ሽማግሌዎች ደመኞችን ካስታረቁ በኋላ ዕርቁ እንዳይፈርስ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና እንዲያነሳ የሚያደርጉበት ጊዜ አለ። ጋብቻ ለዚህ ይውል ነበር፤ ጋብቻ ግን አንዲት ልጅን ለዕርቅ መያዣ ያደርጋል። ክርስትና የሚጠይቀው የአንድ ጠዋት ሥርዓትና የዕድሜ ልክ አንቱታ ነው። አበልጁ ላይ እጁን ያነሳ ሰው ደግሞ በሰው ብቻ ሳይሆን በክርስትናው ይጠየቃል ብሎ የሚያምን ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ቀላል ዋስትና አይደለም።

በስልክ የሚጠየቅ ልጅ

ከወልድያ ወደ ወረታ የሚያቋርጠውን፣ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩትን መንገድ ተከትሎ ከጋይንት የወጣው ሰው ብዙ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ የወረደ፣ በሠፈራ ቋራ የቀረ፣ አዲስ አበባ በቀን ሥራ ወይም በሎተሪ አዟሪነት የጀመረ፣ ዓረብ አገር የገባች። የክርስትና ልጅ አሁን በስልክ ነው የሚጠየቀው። ለበዓል ሙክት ሲነዳ የነበረው ሰው በቴሌብር ይልካል፤ ሒሳቡ ግን ያው የድሮው ነው።

ምርጫውም ተለውጧል። አዲስ አበባ ላይ አበልጅ የሚሆነው ብዙ ጊዜ የሥራ ባልደረባ ወይም የአገር ልጅ ነው። ከተማ ውስጥ የሥጋ ዘመድ ርቆ ስለሚቀር አበልጅ አጎትንም አክስትንም ተክቶ ይሠራል፤ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ ሆስፒታል የሚያድር እሱ ነው። ውጭ አገር ያሉት ዘንድ ደግሞ 40ና 80ን ጠብቆ ማስጠመቁ ሲቀጥል፣ የቤተ ክርስቲያን ምእመኑ ጥቂት ስለሆነ አንድ ሰው የብዙ ቤት አበልጅ ይሆናል። ከጎንደርም ከወላይታም የመጡ ሰዎች በአንድ ልጅ ምክንያት ይዛመዳሉ፤ አገር ቤት ቢሆኑ ሊገናኙ የማይችሉ ሰዎች ናቸው።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጋይንት ሲደርስና ነፋስ መውጫ ለቀናት በተያዘችበት ጊዜ ለሸሸ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ወደ ማን?» የሚል ነበር። ከቤተሰብ ቀጥሎ የሚታሰበው የአበልጅ ቤት ነው። በዚያም ላይ የቆላና የደጋው ጥበብ ለሌላ ነገር ይጠቅማል፤ እሳቱ ያልደረሰበት ቦታ ያለ ሰው ያስፈልጋልና።

የሚያጋባና የማያጋባ

አሁን በሽማግሌዎችና በወጣቶች መካከል የሚነሳው ክርክር ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ፣ የጋብቻ ጥያቄ ነው።

ፍትሐ ነገሥት በጋብቻ አንቀጹ የመንፈስ ዝምድናን እንደ ሥጋ ዝምድና ቆጥሮ ይከለክላል። የክርስትና አባት የክርስትና ልጁን አያገባም፤ የክርስትና ልጅም የክርስትና አባቱን ልጅ አያገባም፤ እንደ ወንድምና እህት ናቸውና። በመንደር ሲኖሩ ችግር አልነበረም። ሁሉም ማን የማን አበልጅ እንደሆነ ያውቃል። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ሆነ የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የሥጋና የጋብቻ ዝምድናን እንጂ የጥምቀትን አያውቁም። ሰባት ቤት መቁጠርም በፌዴራሉ ሕግ ውስጥ የለም፤ በሥጋ ወደ ጎን የሚከለክለው እህትና ወንድምን፣ አጎትና አክስትን ነው።

አሁን ደግሞ ልጆቹ የሚገናኙት ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ወይም ባሕር ዳር ነው። ልጁ ከስማዳ፣ ልጅቷ ከእስቴ፤ ተዋደው ቤተሰብ ዘንድ ሽማግሌ ሲላክ «እንዴ፣ ያንተ አባት እኮ የኛ አበልጅ ነው!» ይባላል። ክርስትና የተነሳው እጮኛው ራሱ ከሆነ ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ቄሱም አያጋቡም፣ ሽማግሌውም ተመልሶ ይሄዳል። የተነሳው ታላቅ ወንድሙ ሲሆን ግን መልሱ ይለያያል። አንዳንድ አባቶች ዝምድናው የተጠመቀውን ልጅ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ወንድሙን አይነካም ይላሉ። አያቶች ደግሞ አበልጅነት የቤት ነው፣ አንድ ልጅ ሲነሳ ቤቱ ሁሉ ተነስቷል ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱም ወገን ለራሱ የሚያሳምን ምክንያት አለው። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የልጅቷ ቤት የነፍስ አባት ነው፤ ልጆቹ ደግሞ እሱ ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት የቀበሌ የጋብቻ ምዝገባ ቅጽ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ አለመኖሩን አይተዋል።